ማንም ሳይልከው

«አባቴ ወረቀታቸውን ይዘው ቢመጡም እንዳትቀበላቸው። የመጨረሻው እኔ የላክሁልህ ነው፤ በሱ ሥራ።»

ሚስባህ ይህን የሰማው ጠዋት፣ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ፊቱን ሲታጠብ ነው። ቧንቧው ከልጁ ከዊዳድ መስኮት ሥር ነው፤ መስኮቱ ገርበብ ብሏል። ውኃውን ዘጋና እንዳጎነበሰ ቆየ። «ያቺን ገጽ አውጥቻታለሁ» አለች ዊዳድ። «እስክሪን ላይ አያነቡም፤ አያውቁም። አንተ ብቻ ዝም በል።» ከማን ጋር እንደምታወራ ለማወቅ አልተቸገረም። ኮምቦልቻ ካለው ማተሚያ ቤት የሚሠራው ዘይኑልአቢዲን ነው፤ የሚስባህን የመጀመሪያ ልቦለድ ለኅትመት እያሰናዳ ያለው እሱ ነው። ዊዳድ ስልኩን ዘጋች። ሚስባህ ቧንቧውን መልሶ ከፈተና የታጠበውን ፊቱን እንደገና ታጠበ።

ቤታቸው ሆጤ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ የጭቃ ቤት ነው፤ ሁለት መኝታ ክፍልና አንድ ጠባብ ሳሎን። ሚስባህ በደሴ ትምህርት ቤቶች አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ሚስቱ መርየም ስኳር በሽታ ዓይኗን ካደከመው ወዲህ ውሎዋ ሳሎኑ ውስጥ ባለው ፍራሽ ላይ ሆኗል፤ የሰው መልክ ትለያለች እንጂ ፊደል አይታያትም። ለቁርስ ተሰበሰቡ። መርየም ሻይዋን ያለ ስኳር ትጠጣለች። ዘይት እንደገና ጨመረ ስትል ዊዳድ ዳቦውም አንሷል አለች፤ ሚስባህ ዳቦውን አገላብጦ አየና እውነትም አንሷል አለ። ከዚያ የብርጭቆ ድምፅ ብቻ ተሰማ። በዚህ ቤት ወሬ እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው ዋጋ ይጠራል፣ ሌላው ይስማማል፣ ያልቃል። ሚስባህ ልጁን ቀና ብሎ አላያትም። ስለሰማው ነገር እንድትናገር ጊዜ የሰጣት መስሎት ሻይውን አዘገየ። እሷ ግን ብርጭቋዋን አለቅልቃ ደፋችና ጫማዋን ፍለጋ ገባች።

አባትና ልጅ ሁለቱም ይጽፋሉ፤ አጻጻፋቸው ግን ለየቅል ነው። ሚስባህ የሚጽፈው በሰማያዊ እስክርቢቶ፣ ተማሪዎቹ በተፈተኑባቸው አሮጌ ወረቀቶች ጀርባ ላይ ነው። ሲሰርዝ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ያሰምራል፤ ሥር ያለው ቃል ነገ ሊያስፈልግ ይችላል ባይ ነው። ገጹ በስርዝ ሲሞላ ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ይገለብጠዋል፤ በሚገለብጥበት ጊዜ ያልተሰረዘውም እየተለወጠ ይሄዳል። አንቀጽ ማዛወር ሲፈልግ በመቀስ ይቆርጥና በኮላ ይለጥፋል። ዊዳድ ቀን አንድ ቢሮ ትሠራለች፤ ማታ አጫጭር ታሪኮች እየጻፈች በቴሌግራም ትለቃለች፤ የሚጠብቋት አንባቢዎችም አሏት። የምትጀምረው ከመሀል ነው። ባጃጅ ውስጥ በአውራ ጣቷ ስልኳ ላይ የጫረችውን ቤት ስትገባ ላፕቶፗ ላይ ትቀጥለዋለች፤ ትቆርጣለች፣ ወዲያ ወዲህ ታዛውራለች፣ ታጠፋለች፤ የትናንቱን አታስቀምጥም። «ያጠፋሽው የት ይሄዳል?» ይላታል ሚስባህ። «የትም አይሄድም አባ፤ የለም» ትለዋለች። «እርስዎ ስሕተትዎን ሁሉ እንደ ቅርስ ያስቀምጣሉ።» እሱ የሐረጎን ዳገት ስም በሐመሩ ሐ ጻፊ ይላል፤ እሷ የቀረባትን ሀ ትመታለች። እሱ እስክሪን ላይ የተነበበ ነገር አልተነበበም፣ ታትሞ ሲያዩት ነው ስሕተቱ ዓይን የሚወጋው ይላል፤ እሷ የወረቀቱን ዋጋ ትነግረዋለች። በዚህ ጉዳይ ይከራከራሉ፤ አንዳንዴም ይስቃሉ። አሚር ከሞተ ወዲህ ሁለቱን ለደቂቃዎች የሚያነጋግር ሌላ ወሬ የላቸውም።

አሚር የዊዳድ ታናሽ ወንድም ነበር። ጦርነቱ ደሴ በገባበት ሳምንት፣ መብራትና ስልክ በጠፋበት ጊዜ፣ ከቤት ወጥቶ ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ ሳይደርስ ተባራሪ ጥይት መታው። ሚስባህ አልነበረም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የተኛ ወንድሙን ሊያስታምም ሄዶ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቶ ነበር። በእግሩ ሲመለስ ልጁ ተቀብሯል። በር ላይ የተቀበለችው ዊዳድ ናት። «እኔ ነኝ የላክሁት አባ፤ ሻማ ግዛ ብዬ» አለችው። ሚስባህ አልተቆጣትም። «አብሽሪ» ብሎም አላጽናናትም። አልፏት ገባ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ዓመት ካለፈ በኋላ ልቦለዱን ጀመረ፤ የአንድ አስተማሪ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ስም ለውጧል፣ ሰፈር ለውጧል፣ ልጁ ከቤት የሚወጣበትን ቀን ግን እንደሰማው ጻፈው። ያቺን ገጽ ስንት ጊዜ እንደገለበጣት አያውቅም። የጨረሰውን ምዕራፍ ለዊዳድ ይሰጣታል፤ እሷ ትተይበዋለች። ያቺንም ገጽ ከሌሎቹ ጋር ሰጣት። ተቀበለችው።

ዛሬ የወረቀቱን ክምር በፌስታል አድርጎ ብብቱ ሥር ያዘ። ዊዳድ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በሩ ላይ አገኘችው።

«ወዴት ነው አባ?»

«ኮምቦልቻ። መጽሐፉን ሳይታተም ላነበው ነው።»

«እኔ ከሥራ ስወጣ አልፍ ነበር እኮ። ወረቀቱ ምን ያደርግልዎታል?»

«ይኑር ብዬ ነው።»

ፌስታሉን አየችው። ከዚያ ባጃጅ ጠርታ ሄደች።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ረዥም ጊዜ ቆመ። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ለኮምቦልቻ ገበያ የምትወስደውን እንቁላል ጭኗ ላይ አድርጋ ረዳቱን ስለ ታሪፉ ትከራከረዋለች፤ ትናንት ያልነበረ ጭማሪ ዛሬ ከየት መጣ ትላለች፤ ረዳቱ ነዳጁን ጠይቂው ይላታል። ሚስባህ የተጠየቀውን ከፈለ። ሐረጎ ላይ ጉም ነበር፤ ሾፌሩ በየመጠምዘዣው ጡሩንባ እየነፋ ወረደ። በእንዲህ ያለ ነገር ሰው ሁሉ እንደሚናደድ ያውቃል፤ እሱም መናደድ ነበረበት። የዓመታት ሥራው ነው፤ ልጁ ከጀርባው ከሰው ጋር መክራ ገጽ አውጥታበታለች። ንዴቱን ፈልጎ አጣው። የእንቁላሉን ሣጥን እያየ፣ ሣጥኑ በኩርባ ሲንሸራተት በክርኑ እየደገፈ ኮምቦልቻ ደረሰ። ሙቀቱ ሲመታው ኮቱን አወለቀ።

ማተሚያ ቤቱ ከአንድ የቀለም ሱቅ በስተጀርባ ያለ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የሠርግ መጥሪያ ናሙናዎች ተለጥፈዋል፤ ጥግ ላይ እሽግ ወረቀት እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ጣሪያው ላይ ያለው ፋን እየዞረ ይንቋቋል። ዘይኑልአቢዲን ሲያየው ከወንበሩ ተነሣ። ሠላሳ ያልሞላው፣ ጸጥ ያለ ሰው ነው። ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ፌስታሉ ላይ ነው።

«መምህር፣ እንኳን ደኅና መጡ። ወረቀት ይዘው ነው እንዴ?»

«እሱን ተወው፤ አልሰጥህም» አለ ሚስባህ። «ያንተን አትምልኝና ላንብበው።»

«ኮምፒውተሩ ላይ ባሳይዎ? ፊደሉን ማጉላት ይቻላል።»

«አትመው። የወረቀቱን እከፍላለሁ።»

ዘይኑልአቢዲን ማተሚያውን አስነሣ። ማሽኑ ገጾቹን አንድ በአንድ ሲተፋ ሚስባህ መስኮቱ አጠገብ ባለው የፕላስቲክ ወንበር ተቀመጠና እስክርቢቶውን አወጣ። ትኩሱን ወረቀት ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበ። እንዳለውም ስሕተቱ መታየት ጀመረ፤ የተዘለለ አራት ነጥብ፣ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ቃል፣ በሀ የተጻፈ ሐረጎ። እያንዳንዱን እያከበበ ጎኑ ላይ አረመ። ለጥቂት ጊዜ የመጣበትን ነገር ረስቶ የተማሪ ወረቀት የሚያርም መሰለው፤ ደስ የሚል ሥራ ነበር። ዙህር ሲደርስ ዘይኑልአቢዲን መስጊድ ሄዶ ተመለሰ። ሚስባህ ከወንበሩ ሳይነሣ ገጿ ላይ የደረሰው በዚህ መሀል ነው።

የእሱ እንዲህ ይላል፦ «እህቱ ከመሀረቧ ጫፍ ብር ፈትታ ሰጠችው። ‹ሻማ ይዘህ ና› አለችው። ልጁም ወጣ።» የታተመው ግን፦ «መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። ልጁ ጫማውን አጠለቀና፣ ማንም ሳይልከው፣ በሩን ከፍቶ ወጣ።» የእጅ ጽሑፉን ከፌስታሉ አውጥቶ ጎን ለጎን አደረጋቸው። የእሱ ገጽ በስርዝና በጭረት የቆሰለ ነው፤ የእሷ ንጹሕ ነው፤ አንድ ሰው እዚህ ጋ አንድ ነገር ነበር ብሎ ሊጠረጥር የሚችልበት ምልክት የለውም። ደግሞ አነበበው። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። ተማሪ ጽፎት ቢሆን ኖሮ ከሥሩ አስምሮ «ግሩም» ይልበት ነበር። ከራሱ እንደሚሻልም አየ። ቢሆንም እስክርቢቶውን ወደ ገጹ ጠርዝ ወሰደና «እህቱ» ብሎ ጻፈ። ቀጣዩን ቃል ሳይጽፍ በሩ ተከፈተ።

ዊዳድ ናት። ፊቷ በላብ ወዝቷል፤ ከቢሮ ፈቃድ ጠይቃ በሚኒባስ መጥታለች። አባቷን፣ ሁለቱን ወረቀቶች፣ ከዚያ ጠርዙ ላይ የተጻፈውን ቃል አየች። ዘይኑልአቢዲን አየር ልቀበል ብሎ ወጣ። ሌላ ወንበር ስላልነበረ የወረቀት እሽግ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች።

«ጠዋት ሰምቼሻለሁ።»

«ሲሰልሉኝ ነበር?»

«ፊቴን ስታጠብ ነበር።»

ፋኑ ተንቋቋ። ሚስባህ ትምህርት ቤት በሚናገርበት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «ስላንቺ የተጻፈ እንደሆነ ገብቶሻል፤ ከብዶሻል። ንገሪኝ ብትዪኝ እኔው አወጣልሽ ነበር» አላት። እንዲህ ለማለት የቆረጠው ገና አሁን ነው፤ ሲለው ግን እውነት መሰለው።

«ስለ እኔ ብዬ አይደለም» አለች። መሬቱን እያየች «አባ፣ እኔ አይደለሁም የላክሁት» አለች።

«በር ላይ ቆመሽ ነግረሽኛል።»

«ነግሬዎታለሁ። ሲገቡ ምን እንዳሉ ያስታውሳሉ? አሚር ምን ሆነ አላሉም። ‹ማን ላከው?› ነው ያሉት። ገና ግቢውን ሳይሻገሩ። እማ ከውስጥ ተቀምጣለች፤ ከቀብሩ ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችም፣ ውኃ እንኳ በማንኪያ ነው የምናጠጣት። እርስዎ እየጮሁ መጡ። እኔ ነኝ አልሁ።»

ሚስባህ ሊቆጥር የሚገባው ብዙ ሰው አልነበረም። በዚያ ቀን ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው። አንዱ ሞቷል፤ አንዷ ፊቱ ተቀምጣለች። ያንን ጥያቄ በዚያ ድምፅ መጠየቁን አላስታወሰም፤ አላልሁም ለማለትም ድፍረት አላገኘም። ያሰበው ሌላ ነገር ነበር። ያቺን ገጽ በገለበጠ ቁጥር «እህቱ» የሚለውን ቃል በራሱ እጅ መልሶ ጽፎታል፤ ሌላው ቃል ሁሉ ሲለወጥ ያ ቃል አልተለወጠም። ከዚያ ለእሷ ሰጣት።

«ስትተይቢው?» አላት።

«መጀመሪያ እንዳለ ተየብሁት። ብዙ ጊዜ ቆየ። ከዚያ አጠፋሁት።»

«‹እናቱ› ልትዪው ትችዪ ነበር።»

«ያነቡላታል እኮ» አለች። «መጽሐፉ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያነቡት ለሷ ነው። እህቱ ላከችው ካለ፣ ዝም ብላ ያለፈችውን ውሸት ትሰማለች። እናቱ ላከችው ካለም … እንጃ። ማንም ካልላከው ማንም አይጎዳም ብዬ ነው።»

«አንቺና እናትሽ ስለዚህ ተነጋግራችኋል?»

«ወላሂ አንድ ቀንም።»

ሚስባህ ጠርዙ ላይ የጻፈውን ቃል በአንዲት መስመር ሰረዘው። ከመስመሩ ሥር ይነበባል። መልሶ ሰረዘው፤ ደጋግሞ ቀለሙን ጫነበት፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ። ዊዳድ «ይበቃል አባ» አለችው። አንድ ነገር ሊላት ይገባል፤ ዓመታት የዘገየ ነገር። አፉን ከፈተ፤ «ሐረጎን ግን በሀ ጽፈሽዋል» ነው ያላት። ዊዳድ ለመሳቅ ሞከረችና ፊቷን በሻሿ ጠረገች። ዘይኑልአቢዲን ተመልሶ ሲገባ ሚስባህ እርማቶቹን አሳየው፤ ያቺን ገጽ እንዳለች ተዋት አለው። ዘይኑልአቢዲን መጽሐፉ ማሽን እስኪገባ፣ እስከ ነገ ድረስ፣ መቀየር እንደሚቻል ነግሮ ሸኛቸው።

ሲመለሱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የሁለቱንም ሒሳብ ዊዳድ ከፈለች፤ ሚስባህ ተይ አላለም። ሐረጎ ላይ ጉሙ ተገልጦ ነበር። አንዴ፣ መኪናው ሲታጠፍ፣ እጁን እጇ ላይ አደረገ፤ ኩርባው ካለፈም በኋላ አላነሣውም።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መርየም የአስርን ሶላት ሰግዳ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ዊዳድ ሰላም ብላት ወደ ጓዳ ገባችና ራት ለመሥራት ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ሚስባህ ፌስታሉንና የታተመውን ክምር ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አለቀ?» አለች መርየም።

«አለቀ። ነገ ማሽን ይገባል።»

«አሚር አለበት?»

«ስሙ ተለውጧል። አለበት።»

«እስኪ እሱ ያለበትን አንብብልኝ።»

ከጓዳ የሚሰማው የቢላ ድምፅ ቆመ። ሚስባህ መነጽሩን አደረገና ገጿን ፈለገ። ማንበብ ያውቅበታል፤ የሰው ልጆች ሲያስተምርበት የኖረ ድምፅ አለው፤ አሁን ግን ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው ነበር። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል አለ። ልጁ ጫማውን አጠለቀና፣ ማንም ሳይልከው፣ በሩን ከፍቶ ወጣ አለ። መርየም እጇን አነሣች።

«ማንም ሳይልከው?»

«አዎ።»

«እንዴ» አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም፤ የዘይት ዋጋ እንደምታወራ ናት። «እኔ ልኬው አይደል እንዴ የወጣው? ሻማ አምጣልኝ ብዬው። አልነገሩህም?»

ሚስባህ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ። ዊዳድ በእጇ የተላጠ ሽንኩርት ይዛ ከጓዳው በር ላይ ቆማለች። መርየም ከአንዳቸው ወደ ሌላቸው ዞረች፤ ፊታቸውን በደንብ ማየት ስለማትችል ዝምታቸውን የምታዳምጥ ይመስል ነበር።

«የምታውቅ መስሎኝ እኮ ነው» አለችው። «አውቀህ፣ አዝነህልኝ ዝም ያልከኝ መስሎኝ። ያኔ ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ ማን ምን እንዳለ አላውቅም። ሳልናገር የቀረሁት ሁላችሁም ስለምታውቁ ነው ብዬ ነው።» ትንሽ አረፈች። «ደግሞ ልጄ ሳይላክ ወጥቶ የሚዞር ልጅ አልነበረም። እንዲህ ብላችሁ አታሰድቡት።»

ዊዳድ ሽንኩርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ክፍሏ ገብታ ላፕቶፗን ይዛ ወጣች፤ እናቷ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፤ ጭኗ ላይ ከፈተችው። ገጿን አገኘቻት። «ማንም ሳይልከው» የሚለውን አጠፋች።

«እማ» አለች፤ «ስትልኪው ምን ብለሽ ነው የላክሽው?»

መርየም አሰበች።

«‹አሚርዬ፣ ሻማ ይዘህልኝ ና› ብዬ።»

ዊዳድ ጻፈች። ሚስባህ መነጽሩን አውልቆ ከበላያቸው ቆሟል።

«‹ሳይመሽ› ብዬዋለሁ» አለች መርየም፤ የልጇን ክንድ በእጇ እየፈለገች። «‹ሳይመሽ ተመለስ› ብዬዋለሁ። እሱንም ጻፊው።»